ኢቫን ቱርጌኔቭ

ኢቫን ሰርጌዬቪች ቱርጌኔቭ (ኅዳር 1 ቀን 1811 ዓ.ም. – ነሐሴ 29 ቀን 1875 ዓ.ም.፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ኖቬምበር 9 ቀን 1818 – ሴፕቴምበር 3 ቀን 1883) የሩሲያ ደራሲ፣ ገጣሚና ጸሐፌ ተውኔት ነበር። በይበልጥ የሚታወቀው «የአዳኝ ማስታወሻዎች» በተባለው የታሪኮች ስብስቡና «አባቶችና ልጆች» በተባለው ረጅም ልብ ወለዱ ነው። እርሱ ራሱ ግን ከሥራዎቹ ሁሉ አብልጦ የሚወደው «የመጀመሪያ ፍቅር» የተባለውን አነስተኛ መጽሐፉን ነበር። ታሪኩ በጎረምሳነቱ በአንድ በጋ በራሱ ላይ የደረሰ ነውና።

ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። «በጋ» የሚለውም ቃል የሩሲያን በጋ፣ ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ያለውን ሞቃት ወቅት ያመለክታል። በኢትዮጵያ እነዚህ ወራት ክረምት ናቸው፤ ሁለቱን የሚያመሳስላቸው ተማሪው ከትምህርት የሚያርፍበት ጊዜ መሆኑ ነው።

ልጅነት

ቱርጌኔቭ የተወለደው ከሞስኮ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በኦርዮል ከተማ ነው። አባቱ ሰርጌይ ኒኮላዬቪች የፈረሰኛ ጦር መኮንን ነበር። ቤተሰቡ ከድሮ መኳንንት ወገን ቢሆንም ሀብቱ አልቆ ነበር። እናቱ ቫርቫራ ፔትሮቭና ሉቶቪኖቫ ደግሞ ከአጎቷ እጅግ ሰፊ ርስት የወረሰች፣ ከባሏ በስድስት ዓመት ገደማ የምትበልጥ ሴት ነበረች። መልከ መልካሙ መኮንን ያገባት ለገንዘቧ ብሎ እንደሆነ በቤቱ የተሰወረ ነገር አልነበረም። ሰርጌይ ለሚስቱ ቀዝቃዛ፣ ከልጆቹም የራቀ ሰው ነበር፤ ከሌሎች ሴቶች ጋር ያለውንም ግንኙነት አላቋረጠም። ልጁ ግን አባቱን እያደነቀ፣ ፍቅሩንም እየተጠማ አደገ። ይህ አድናቆት በኋላ ለሚሆነው ነገር ቁልፍ ነው።

ቤተሰቡ የሚኖረው ስፓስኮዬ ሉቶቪኖቮ በተባለው ርስት ነበር። እናቱ 5000 ያህል ገባሮች ነበሯት። እነዚህ ሰዎች ከመሬቱ ጋር የሚሸጡ፣ የሚለወጡና ባለቤታቸው ሳትፈቅድ ማግባት እንኳ የማይችሉ ነበሩ። ቫርቫራ ፔትሮቭና በጭካኔዋ የታወቀች ነበረች፤ አገልጋዮቿን በጥቃቅን ጥፋት ታስገርፍ ነበር፤ የገዛ ልጆቿም ከዱላዋ አላመለጡም። በቤቱ በብዛት የሚነገረው ፈረንሳይኛ ስለነበር ትንሹን ኢቫን ከሩሲያኛ ግጥም ጋር ያስተዋወቀው ከቤቱ አገልጋዮች አንዱ ነው። በ1827 ቤተሰቡ ለልጆቹ ትምህርት ሲል ወደ ሞስኮ ሄደ።

የ1833 በጋ

የሞስኮ ባለጸጎች በበጋ ከከተማው ግርግር ወጥተው ዳቻ በሚባል የገጠር ማረፊያ ቤት መክረም ልማዳቸው ነበር። በ1833 የቱርጌኔቭ ቤተሰብ በዚያን ጊዜ ከከተማው ጫፍ ላይ በነበረው በኔስኩችኒ የአትክልት ስፍራ ፊት ለፊት ዳቻ ተከራየ። የስፍራው ስም ትርጉም «የማይሰለች» እንደማለት ነው። ኢቫን አሥራ አምስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት ቀርተውት ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ይዘጋጅ ነበር።

ከጎናቸው ባለው ቤት የሻሆቭስኪ ልዑላን ቤተሰብ ተቀምጦ ነበር። ማዕረጉ ትልቅ፣ ኪሱ ባዶ የሆነ ቤተሰብ ነው። ልጃቸው የካተሪና ሻሆቭስካያ ከኢቫን በጥቂት ዓመታት የምትበልጥ፣ ግጥም የምትጽፍ ወጣት ነበረች፤ በዚያው ዓመትም ሥራዋን አሳትማለች። ኢቫን በአንድ ጊዜ ወደዳት። እርሷ ግን በሌሎች ወንዶች የተከበበች ነበረች፤ ልጁንም እንደ ልጅ አየችው። ከዚያም ልቧን የያዘው ሰው ማን እንደሆነ አወቀ፦ የገዛ አባቱ ነበር።

ነገሩ በበጋው አላበቃም፤ የሦስቱም ዕጣ በሦስት ዓመት ውስጥ ተለየ። ሰርጌይ ኒኮላዬቪች በ1834 መከር በሴንት ፒተርስበርግ ሞተ፤ ዕድሜው ገና አርባዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። የካተሪና በ1835 ሌላ ሰው አገባች፤ በ1836 ወንድ ልጅ ወልዳ ከጥቂት ቀናት በኋላ አረፈች። ኢቫን በአሥራ ሰባት ዓመቱ የዚያ ታሪክ ብቸኛ ምስክር ሆኖ ቀረ ማለት ይቻላል። የሆነውን በልብ ወለድ መልክ እስኪጽፈውም ሃያ ሰባት ዓመት አለፈ።

ትምህርትና የመጀመሪያ ሥራዎች

ቱርጌኔቭ በ1833 ሞስኮ ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ በሚቀጥለው ዓመት ወደ ሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። በተማሪነቱ ዘመን ፑሽኪንን ሁለት ጊዜ ብቻ አየው፤ ሁለተኛው ገጣሚው በዱኤል ከመገደሉ ጥቂት ቀናት በፊት በኮንሰርት አዳራሽ ውስጥ ነበር። በ1838 ለተጨማሪ ትምህርት ወደ በርሊን ሲጓዝ የተሳፈረበት መርከብ በጀርመን ጠረፍ አጠገብ በእሳት ተያያዘ። በዚያች ሌሊት ፈሪ ሆኖ ታይቷል የሚለው ሐሜት ዕድሜ ልኩን ተከተለው። በ1843 «ፓራሻ» የተባለ የግጥም ታሪክ አሳተመ፤ የዘመኑ ታላቅ ሐያሲ ቤሊንስኪም አወደሰው።

በ1842 በእናቱ ቤት ከምትሠራ ሰፊ ሴት ልጅ ተወልዳለት ነበር። ልጅቷ ፔላጌያ ትባል ነበር፤ የመጀመሪያዎቹን ዓመታት በርስቱ ላይ ከአገልጋዮች ጋር አሳለፈች።

ፖሊን ቪያርዶ

በ1843 መጨረሻ የጣሊያን ኦፔራ ቡድን በሴንት ፒተርስበርግ ሲዘፍን ቱርጌኔቭ የሃያ ሁለት ዓመቷን ዘፋኝ ፖሊን ቪያርዶን ሰማ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ፣ ለአርባ ዓመት ያህል፣ ከእርሷ አልተላቀቀም። ፖሊን ባለትዳር ነበረች። ባሏ ሉዊ ቪያርዶ ከእርሷ በሃያ አንድ ዓመት የሚበልጥ፣ «ዶን ኪኾቴን» ወደ ፈረንሳይኛ የተረጎመ የሥነ ጽሑፍ ሰው ነው።

በልብ ወለድ ቢሆን ሁለቱ ወንዶች ጠላት በሆኑ ነበር። በእውነተኛው ሕይወት ግን ወዳጆች ሆኑ። ሁለቱም አደን ይወዱ ነበር፤ አብረው ጠመንጃ ይዘው ወጡ፤ የጎጎልን ታሪኮች ወደ ፈረንሳይኛ ለመተርጎምም ተባበሩ። ቱርጌኔቭ ቤተሰቡ በሄደበት እየተከተለ በቤታቸው ወይም በአጠገባቸው ኖረ፤ ልጁን ፔላጌያንም በ1850 ወደ ፓሪስ ልኮ ከቪያርዶ ልጆች ጋር እንድታድግ አደረገ። ስሟም ፖሊኔት ተባለ። በእርሱና በፖሊን መካከል የነበረው ነገር እስከ ምን ድረስ እንደሄደ የታሪክ ጸሐፊዎች እስካሁን ይከራከራሉ። ክርክር የሌለበት ግን አለ፤ ቱርጌኔቭ ሚስት አላገባም፣ የራሱ የሚለውን ቤተሰብም ሳይመሠርት በሌላ ሰው ጎጆ ጥግ ኖረ።

«አንድ ወር በገጠር»

ከ1848 እስከ 1850 ቱርጌኔቭ ፈረንሳይ ውስጥ ሳለ «አንድ ወር በገጠር» የተባለውን ተውኔት ጻፈ። ታሪኩ የሚካሄደው በአንድ ርስት ላይ በበጋ ነው። ለልጇ የቤት አስጠኚ እንዲሆን የተቀጠረውን የሃያ አንድ ዓመት ተማሪ በላዬቭን የቤቱ እመቤት ናታልያ ፔትሮቭና ትወድዳለች። የምታሳድጋት የአሥራ ሰባት ዓመቷ ቬሮችካም ትወድደዋለች። በጎን ደግሞ ናታልያን ለዓመታት በዝምታ ሲወድ የኖረው የቤተሰቡ ወዳጅ ራኪቲን አለ። እመቤቲቱ ልጅቷን እንደ እናት እየደባበሰች ምስጢሯን ካወጣጣቻት በኋላ ያንኑ ምስጢር በራሷ ላይ ትጠቀምባታለች። ቬሮችካ በዚያ አንድ ወር ውስጥ ከልጅነት ወደ አዋቂነት የምትሻገረው በፍቅር ሳይሆን በመከዳት ነው። መጨረሻ ላይ ከዚያ ቤት ለመውጣት ብቻ ብላ አንድ የማትወደውን ሽማግሌ ጎረቤት ለማግባት ትስማማለች።

የዛር መንግሥት ሳንሱር ባለትዳር ሴት አስጠኚን ትወድዳለች የሚለውን አልወደደውም። በ1855 ሲታተም የናታልያ ባል ከተውኔቱ እንዲወጣ ተደርጎ እርሷ መበለት ሆነች፤ ባልየው ወደ ቦታው የተመለሰው በ1869 እትም ነው። መድረክ ላይ የወጣው ደግሞ በ1872 ነበር። በ1879 ማሪያ ሳቪና የተባለች ወጣት ተዋናይት በሴንት ፒተርስበርግ ስትጫወተው የመረጠችው የእመቤቲቱን ሳይሆን የቬሮችካን ገጸ ባሕርይ ነው። ቱርጌኔቭ ይህን ሲሰማ ተገረመ፤ ቬሮችካን ራሱ እንደ ዋና ገጸ ባሕርይ አስቧት አያውቅም ነበርና። ራኪቲን እርሱ ራሱ መሆኑንም ለሳቪና ነግሯታል።

እስርና ግዞት

ከ1847 ጀምሮ በመጽሔት ሲወጡ የቆዩት የገጠር ታሪኮቹ በ1852 «የአዳኝ ማስታወሻዎች» ተብለው በመጽሐፍ ታተሙ። ገባሮች ክብርና ብልሃት ያላቸው ሰዎች ሆነው መታየታቸው በዚያ ዘመን ትልቅ ነገር ነበር። በዚያው ዓመት ጎጎል ሲሞት በጻፈው የኀዘን ጽሑፍ ምክንያት ታሰረ፤ ከአንድ ወር በኋላ በርስቱ እንዲወሰን ተደርጎ እስከ 1853 መጨረሻ በግዞት ቆየ። በእስር ቤት ሆኖ «ሙሙ» የተባለውን አጭር ልብ ወለድ ጻፈ፤ በውስጡ ያለችው ጨካኝ እመቤት የተቀዳችው በ1850 ከሞተችው እናቱ ነው።

«የመጀመሪያ ፍቅር»

ቱርጌኔቭ ይህን ኖቬላ በ1860 መጀመሪያ ላይ ጽፎ በዚያው ዓመት «የንባብ ቤተ መጻሕፍት» በተባለው መጽሔት አወጣው። ቦታውን አልቀየረም፤ ዓመቱንም አልቀየረም። ታሪኩ በ1833 በጋ በኔስኩችኒ ፊት ለፊት ባለ ዳቻ ይካሄዳል። የቀየረው ዕድሜን ነው። ቭላዲሚር የተባለው ተራኪ አሥራ ስድስት፣ ልዕልት ዚናይዳ ደግሞ ሃያ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል።

ዚናይዳ በአምስት አፍቃሪዎች ተከባ ትኖራለች፤ አንድ ሐኪም፣ አንድ ገጣሚ፣ አንድ ቆንስ (ኮንት)፣ አንድ ጡረተኛ መኮንንና አንድ ፈረሰኛ ወታደር። በየማታው ዕጣ በማውጣት ጨዋታ ታጫውታቸዋለች፤ እርስ በርሳቸውም ታፎካክራቸዋለች። ቭላዲሚር ስድስተኛ ሆኖ ይገባል። አንድ ቀን ከፍ ካለ ግንብ ላይ ተቀምጦ ሳለ፣ ከወደድከኝ ዝለል ስትለው እውነት መስሎት ይዘላል፤ ለአፍታ ራሱን ይስታል። አንባቢ የሚስቀው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙም ሳይቆይ ሳቁ ይቆማል።

ልጁ ዚናይዳ በእውነት የምትወደው ሰው እንዳለ ይጠረጥርና ማንነቱን ለማወቅ ቢላዋ ይዞ በሌሊት የአትክልት ስፍራው ውስጥ ይሸምቃል። ካባ ለብሶ የሚመጣውን ሰው ሲያይ ቢላዋው ከእጁ ይወድቃል፤ የመጣው አባቱ ነው። ቱርጌኔቭ እዚህ ላይ ጩኸትም ጠብም አላስገባም። ልጁ አባቱን አይጠላም፤ እንዲያውም በዓይኑ ይበልጥ ከፍ ይልበታል። በብዙ የሦስትዮሽ ፍቅር ታሪኮች ቅናት ወደ ቁጣ ይሄዳል። እዚህ ግን ተሸናፊው አሸናፊውን ከልቡ ስለሚያደንቅ ቁጣው መሄጃ ያጣል። የመጽሐፉ ኃይል ያለው እዚህ ነው።

ከታሪኩ ትዕይንቶች ሁሉ በአንባቢ አእምሮ የሚቀረው ግን ሌላ ነው። ቤተሰቡ ወደ ከተማ ከተመለሰ በኋላ አባትና ልጅ በፈረስ ይወጣሉ፤ አባቱ ፈረሶቹን አስይዞት ይሰወራል። ሲዘገይ ልጁ ፍለጋ ሄዶ በአንዲት ትንሽ የእንጨት ቤት መስኮት ዚናይዳን ያያል። ሁለቱ ይከራከራሉ፤ አባቱ በፈረስ አለንጋ ክንዷን ይመታታል። እርሷ ግን ሳትናገር የቀላውን ሰንበር ትስመዋለች። አባትየው አለንጋውን ወርውሮ ወደ ቤቱ ሮጦ ይገባል። ቭላዲሚር ያኔ እስከዚያ ቀን ፍቅር ብሎ የጠራው የራሱ ጭንቀት ካየው ነገር አጠገብ ሲቆም የልጅ ጨዋታ እንደሆነ ይገባዋል።

በኋላ አባቱ በስትሮክ ይሞታል፤ በሞተበት ዕለት ጠዋት ለልጁ ሴት ከምታመጣው ደስታና መርዝ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስብ ደብዳቤ ጀምሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ ቭላዲሚር ዚናይዳ አግብታ ሴንት ፒተርስበርግ እንዳለች ሰምቶ ዛሬ ነገ ሲል ሁለት ሳምንት ያልፋል። ሲሄድ ከአራት ቀን በፊት በወሊድ ሞታለች ይሉታል።

ታሪኩ ብዙዎችን ቢማርክም አባትና ልጅ አንዲት ሴት መውደዳቸው ነውር ነው ብለው የነቀፉትም ነበሩ። ቱርጌኔቭ በ1863 ለወጣው የፈረንሳይኛ ትርጉም አድማጮቹ ስለ ታሪኩ የሚወያዩበት ማሟያ ጨመረ፤ በሩሲያኛው ውስጥ ግን አላስገባውም። ጥሩም አደረገ፤ ታሪኩ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሌሎች የበጋ ፍቅር ታሪኮች

«አስያ» (1858) የምትካሄደው በጀርመን በራይን ወንዝ ዳር ነው። የሃያ አምስት ዓመት ሩሲያዊ መንገደኛ ጋጊን ከተባለ ሰዓሊና እኅቴ ከሚላት የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ጋር ይተዋወቃል። መጀመሪያ እኅቱ መሆኗን አያምንም፤ በራሱ ሐሳብ ውስጥ የሌለ ተቀናቃኝ ፈጥሮ ይቀናል። አስያ ግን በእርግጥ የጋጊን አባት ከአገልጋይ የወለዳት ልጅ ነበረች። ፍቅሯን በግልጽ ስትነግረው ያመነታል፤ በማግስቱ ሊናገር ሲሄድ ከከተማው ሄደዋል። አስያን የሚያነብ ሰው ፔላጌያን ሳያስብ አይቀርም። ሐያሲው ቼርኒሼቭስኪ በዚህ ታሪክ ላይ በጻፈው ታዋቂ መጣጥፍ የገጸ ባሕርዩን ማመንታት የመላው የሩሲያ የተማረ ክፍል ድክመት አድርጎ አቀረበው።

«የጸደይ ጎርፎች» (1872) ደግሞ በ1840 በጋ ፍራንክፈርት ውስጥ የኬክ ቤት ባለቤት ልጅ የሆነችውን ጌማን ወድዶ፣ ሊያገባት ቃል ከገባ በኋላ በሌላ ባለጸጋ ሴት ተማርኮ ቃሉን የሚያፈርስ የሃያ ሁለት ዓመት ወጣት ታሪክ ነው።

የመጨረሻ ዓመታት

በ1862 የታተመው «አባቶችና ልጆች» በሩሲያ ታላቅ ውዝግብ አስነሳ። ወጣቶቹ ተሰደብን፣ አዛውንቶቹም ተነካን አሉ። በ1861 ከሌቭ ቶልስቶይ ጋር ተጣልተው ዱኤል ለመጋጠም ደርሰው ነበር፤ የታረቁት በ1878 ነው። ቱርጌኔቭ ከ1863 በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከቪያርዶ ቤተሰብ ጋር በባደን ባደን፣ ለአጭር ጊዜ በለንደን፣ ከዚያም በፓሪስና በአቅራቢያዋ በቡዢቫል ኖረ። በ1879 ኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በ1880 በሞስኮ የፑሽኪን ሐውልት ሲመረቅ ንግግር አደረገ።

በመጨረሻ ያሠቃየው የአከርካሪ አጥንት ካንሰር ነበር። ሉዊ ቪያርዶ በሜይ 1883 ሞተ፤ ቱርጌኔቭ ከአራት ወር በኋላ ተከተለው። አልጋ ላይ ሆኖ የመጨረሻ ታሪኮቹን ለፖሊን በቃል እየነገረ አጻፋት። አንዱ በወጣትነቱ ስለተረፈበት የመርከብ እሳት ነው። አስከሬኑ ወደ ሩሲያ ተወስዶ በሴንት ፒተርስበርግ በቮልኮቮ መካነ መቃብር ተቀበረ። ፖሊን እስከ 1910 ኖራለች።

ከወጣቶች ልብ ወለድ ጋር ያለው ዝምድና

ለወጣቶች ተብሎ የሚጻፍ ልብ ወለድ ራሱን የቻለ ዘርፍ የሆነው በሃያኛው ክፍለ ዘመን ነው። በአሜሪካ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ተብሎ የሚጠቀሰው የሞሪን ዴሊ «አሥራ ሰባተኛው በጋ» (1942) ስለ አንዲት ልጅ የበጋ ፍቅር ነው። በ2009 የወጣው የጄኒ ሃን የባሕር ዳር ልብ ወለድ ደግሞ በሁለት ወንድማማቾች መካከል ስለቆመች ጎረምሲት ይተርካል። አደረጃጀቱ በ1860 ከነበረው ብዙ አልራቀም። ትምህርት ተዘግቷል፣ ቤተሰብ ወደ ማረፊያ ቤት ሄዷል፣ ጎረቤት ቅርብ ነው፣ ሁሉም ነገር መከር ሲመጣ ያበቃል። ልዩነቱ ያለው ጥያቄው ላይ ነው። በዛሬዎቹ መጻሕፍት አንባቢ የሚጠብቀው ልጅቷ ማንን ትመርጣለች የሚለውን ነው። ቱርጌኔቭ ግን ታሪኩን የተረከው ባልተመረጠው ልጅ አፍ ነው፤ ምርጫው የተደረገው ልጁ ጨዋታው መጀመሩን እንኳ ሳያውቅ ነው።

«የመጀመሪያ ፍቅር» ብዙ ጊዜ ወደ ፊልም ተቀይሯል፤ ማክሲሚሊያን ሼል በ1970 ያዘጋጀው ለኦስካር ሽልማት በውጭ ቋንቋ ፊልም ዘርፍ ታጭቶ ነበር። «አንድ ወር በገጠር» በ1976 በፍሬደሪክ አሽተን አማካይነት በለንደን ሮያል ባሌ ቀርቧል። የስፓስኮዬ ሉቶቪኖቮ ርስት ዛሬ ሙዚየም ነው። የኔስኩችኒ የአትክልት ስፍራም ከከተማው ጫፍ መሆኑ ቀርቶ መሐል ሞስኮ ውስጥ ከጎርኪ ፓርክ ጋር ተያይዞ ለሕዝብ ክፍት ሆኗል።